ስለ አክሱም መንግሥት አወራረስ የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ ምስክርነት

የጥንቱ ዓለም መንግሥታት እንዴት እንደ ተነሡ የሚመረምሩ ሊቃውንት ትረካቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ይጀምራሉ። በመስጴጦምያ ደቡብ የምትገኘው ኡሩክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺሕ ዓመት ማለቂያ ላይ ታላቅ ከተማ ሆነች፤ በዚያው ዘመን የእህልና የበግ ቍጥር በሸክላ ጽላት ላይ መመዝገብ ስለ ጀመረ የጽሕፈት ሥራ ከከተማው ጋር አብሮ አደገ። ከርሷም በኋላ ዑር፣ ላጋሽ፣ ኡማና ኪሽ በየቅጥራቸው ውስጥ ሆነው፣ በየራሳቸው ንጉሥና በየራሳቸው ጣዖት ሥር እየኖሩ፣ ስለ መስኖ ውሃና ስለ እርሻ ድንበር ይዋጉ ነበር። በ24ኛው ምእት ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የአካድ ንጉሥ ሳርጎን እነዚህን ከተሞች በአንድ ሥልጣን ሥር ባስገባ ጊዜ፣ ከከተማ መንግሥትነት አልፎ ብዙ አገር የሚገዛ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ተመሠረተ።

ጎርደን ቻይልድ የተባሉት የጥንታዊ ቅርስ ሊቅ በ1950 ባወጡት ጽሑፍ የከተማን ሥልጣኔ የሚያስታውቁ ዐሥር ምልክቶችን ቈጥረዋል። ከነዚህም ውስጥ የሕዝብ በአንድ ስፍራ መከማቸት፣ ከእርሻ የተለዩ ባለሙያዎች መኖር፣ ግብር፣ ታላላቅ ሕንፃዎች፣ ጽሕፈትና የሩቅ አገር ንግድ ይገኛሉ። ይህ ሚዛን ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን አንድ ጕድለት አለበት፤ ይኸውም መንግሥት እንዴት እንደሚወለድ ቢያሳይም፣ የተወለደው መንግሥት ከተማው ከፈረሰ በኋላ በምን ሁኔታ እንደሚኖር አያመለክትም። በዚህ ሚዛን ብቻ የሚመራ ሰው ከአክሱም መድከም እስከ 1270 ያለውን የአገራችንን ዘመን ሲመለከት ከተማ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ የድንጋይ ጽሕፈት የለም፤ ስለዚህ መንግሥትም የለም ወደ ማለት ይደርሳል። ብዙ የታሪክ መጻሕፍትም ይህን ጊዜ የጨለማ ዘመን ብለው በጥቂት መስመር አልፈውታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በላስታ ተራሮች ውስጥ በዋሻ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ በመቍጠር፣ የአክሱም የመንግሥት ሥርዓት ከከተማው ተለይቶ ወደ ደቡብ ደጋ እንደ ተሻገረ ለማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሰሜን የከተማና የመንግሥት አነሣሥ

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የመንግሥት ምልክት መጀመሪያ ጐልቶ የሚታየው በየሐ ነው። ግራት በዓል ገብሪ የሚባለው ታላቅ ሕንፃ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ ግንቡ ድንጋይና የእንጨት ወራጅ ተቀናጅተው የቆሙበት ነበር። እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው የተጠረበ ድንጋይ ቤተ መቅደስ ደግሞ በ7ኛው ምእት ዓመት ገደማ እንደ ተሠራ ይገመታል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ነገሥታት ዲዓማት የተባለውን አገር ይገዙ እንደ ነበር ጽሕፈታቸው ያስታውቃል። እዚህ ላይ አንባቢው የእንጨትና የድንጋይ መቀናጀት የሚለውን ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የጽሑፋችን ክር እርሱ ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው ምእት ዓመት ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ አዱሊስን የዝሆን ጥርስ መሸጫ ወደብ፣ አክሱምን ደግሞ ዝሆን ጥርሱ የሚሰበሰብባት ዋና ከተማ አድርጎ ይጠራቸዋል። በማኒ ስም የሚጠራው የ3ኛው ምእት ዓመት ትምህርት አክሱምን ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። በዚያው ምእት ዓመት ማለቂያ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ አሠራ። በ4ኛው ምእት ዓመት ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ፤ በ525 ገደማ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሂምያርን ወጋ። ከሐውልቶቹም ታላቁ፣ አሁን ወድቆ የሚገኘው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በቻይልድ ሚዛን ቢመዘን አክሱም የሚጐድለው ነገር ጥቂት ነው።

የሐውልቶቹን መልክ ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከነርሱ ውስጥ ታላላቆቹ በላያቸው የተቀረጸው ነገር ፎቅ ያለው ቤት ነው። በሩ ከነመዝጊያው፣ መስኮቶቹ ከነመቃናቸው፣ በየፎቁ መካከል የሚያልፉት የእንጨት ወራጆች፣ ከግንቡ ወጣ ብለው የሚታዩት ክብ የእንጨት ጫፎች፣ ሁሉም በድንጋይ ተመስለዋል። እነዚህ ክብ ጫፎች በሕንፃ አዋቂዎች ዘንድ የዝንጀሮ ራስ እየተባሉ ይጠራሉ። ድንጋይ ጠራቢው እንጨትን በድንጋይ የመሰለው ለሥራው ምቹ ስለ ሆነለት አይደለም፤ የንጉሥ ቤት እንዲህ ተሠርቶ ሲታይ ብቻ የንጉሥ ቤት መሆኑ ስለሚታወቅ ነው እንጂ። ስለዚህ የአክሱም አሠራር ከጥበብነቱ ባሻገር የሥልጣን ምልክት ነበረ ማለት እንችላለን። በ6ኛው ምእት ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ቆስማስም የንጉሡን ቤት አራት ግንብ ያለው ብሎ ማስታወሱ፣ የቤቱ መልክ በእንግዳ ዓይን እንኳ የመንግሥቱ መታወቂያ እንደ ነበረ ያመለክታል።

የከተማው መድከም

ከ6ኛው ምእት ዓመት በኋላ የአክሱም ኑሮ በብዙ በኩል ተነካ። በ570 ገደማ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ ቀጥሎም የእስልምና መንግሥት በባሕሩ ማዶ ተስፋፋ፤ የባሕር ንግድ አቅጣጫውን ለወጠ፤ አዱሊስም ፈረሰች። በ7ኛው ምእት ዓመት የነገሥታቱ ገንዘብ መሠራት አቆመ። በከተማው ዙሪያ ለብዙ ዘመን የታረሰው መሬት አፈሩ ታጥቦ መድከሙንም የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በ9ኛው ምእት ዓመት የጻፈው የዓረብ ጸሐፊ ያዕቁቢ የሐበሻን ንጉሥ ከተማ ሲጠራ አክሱም አላለም፤ ኩዕባር ብሎ ሌላ ስም ሰጠ። በ10ኛው ምእት ዓመት ማለቂያ ላይም አንዲት ንግሥት አገሩን አጥፍታ ቤተ ክርስቲያኖቹን እንዳቃጠለች የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ይናገራል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያነብ ሰው መንግሥቱ ከከተማው ጋር አብሮ ሞተ ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን የሞተው ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። የወርቅ ገንዘቡ ከግሪክ ጽሕፈት ጋር ይሠራ የነበረው በይበልጥ ለባሕር ማዶ ንግድ ነበር፤ በደቡብ ዓረብና በሕንድም ተገኝቷል። ባሕሩ ሲዘጋ ገንዘቡ አስፈላጊነቱ ቀረ። በደጋው ውስጥ ግን ኋላ በ16ኛው ምእት ዓመት የመጡ እንግዶች ያዩት የጨው አሞሌ ለገበያ ይበቃ ነበር። ስለዚህ የገንዘቡ መቅረት የንግዱን አቅጣጫ መለወጥ ያሳያል እንጂ ሥልጣን መጥፋቱን አያረጋግጥም።

በዋሻው ውስጥ ያለው ሕንፃ

ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ተነሥቶ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አካል ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ ጽድ በበዛበት ሸለቆ አልፎ ከጥቁር ድንጋይ የተፈጠረ ሰፊ ዋሻ ዘንድ ይደርሳል። ገድሉ ይህን ስፍራ ወግረ ስሒን ይለዋል። በዋሻው ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑና የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር የሚባለው ሌላ ሕንፃ ይገኛሉ። ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ ከ11ኛው እስከ 12ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያኖሩታል፤ ስሙም ከዛጔ ነገሥታት አንዱ በሆነው በይምርሐነ ክርስቶስ ይጠራል። በ1520 ወደ አገራችን የገባው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ገልጾታል።

ወደ ዋሻው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በአግድም የተነባበሩ ጥቁርና ነጭ መስመሮችን ነው። ጥቁሩ የእንጨት ወራጅ ነው፤ ነጩ በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግንብ ነው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ ከመሠረት እስከ ጣራ ይደርሳል። የበሩና የመስኮቶቹ መቃኖች በየማዕዘናቸው አራት ማዕዘን የእንጨት ራስ አላቸው፤ ይህም በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ የሚታየው መቃን ነው። ውስጡ በዓምዶች በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ ከመቅደሱ በላይ ክብ ጕልላት፣ በመካከለኛው ክፍል ላይም በእንጨት ተቀርጾ በቀለም የተጌጠ ጣራ አለ። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በኢትዮጵያ ከታወቁት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ ይቈጠራሉ።

የአካባቢው ካህናት ከሕንፃው ሥር ውሃ ያዘለ ረግረግ እንዳለና ቤተ ክርስቲያኑ በእንጨት ርብራብ ላይ እንደ ቆመ ይናገራሉ። ከሕንፃው ኋላም የብዙ ሙታን አፅም ተኝቶ ይታያል፤ ትውፊቱ እነዚህ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም መጥተው በዚያ ያረፉ መንፈሳውያን እንግዶች ናቸው፣ ቍጥራቸውም ከ5,000 በላይ ነው ይላል። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቈይቶ የተጻፈ ስለ ሆነ እያንዳንዱን ቃሉን እንደ ዜና መዋዕል መውሰድ አይገባም። ሆኖም ንጉሡን ካህንም ንጉሥም አድርጎ መሳሉ፣ እንግዶችም ከሩቅ አገር ወደርሱ እንደ መጡ መተረኩ፣ የላስታ ሰው ይህን ስፍራ የዓለም መንገድ የሚያልፍበት ማዕከል አድርጎ ያስታውሰው እንደ ነበር ይመሰክራል።

አሁን የአሠራሩን ሐረግ በቅደም ተከተል እናስቀምጥ። በየሐ ድንጋይና እንጨት ተቀናጅተው የመኳንንት ቤት ተሠራ። በአክሱም ያው ቤት በሐውልት ላይ በድንጋይ ተመሰለ። በደብረ ዳሞ፣ ከጥንታዊዎቹ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ፣ ያው አሠራር የዝንጀሮ ራሱን ሳይቀር ይዞ ለቤተ ክርስቲያን ዋለ። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ወራጁና ልስኑ በሙሉ ክብሩ ታየ። በመጨረሻም በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን የጠረቡ ሰዎች ከአንድ ወጥ ዐለት ሲያወጡት ወጣ ገባ የሚለውን የእንጨትና የድንጋይ ግንብ በዐለቱ ላይ ቀረጹት። ዐለት ወራጅ እንደማያስፈልገው ጠራቢዎቹ አላጡትም። ነገር ግን የአክሱም ሐውልት ጠራቢ እንዳደረገው፣ እነርሱም የክብርን ቤት በሚታወቅ መልኩ መሥራት ነበረባቸው።

በዚህ ሐረግ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ ልዩ ቦታ አለው። ቤተ አማኑኤል ብቻውን ቢገኝ ኖሮ አንድ ሰው፣ የላሊበላ ጠራቢዎች ወደ አክሱም ሄደው ፍርስራሹን አይተው ቀድተዋል፣ ሊል ይችል ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ቅጂ አይደለም፤ ወራጁ በእውነት ግንቡን ያስራል። ከፍርስራሽ የሚቀዳ መልክ ብቻ ነው። ወራጅን ከግንብ ጋር የማሰር፣ ጫፉን የመግጠም፣ ልስኑን የማስተካከል ዕውቀት ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በእጅ የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ከአክሱም መድከም እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ባለው ጊዜ ሁሉ ይህን ሥራ የሚያውቁ አናጢዎችና ግንበኞች ነበሩ፤ ሥራውንም የሚያዝና ዋጋውን የሚከፍል ጌታ አላጡም።

የማዕረግና የሰነድ ምስክርነት

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የእጅ ጥበብ ያለ መንግሥትም ይኖራል፤ የገዳም መነኰሳት ብቻ ሊጠብቁት ይችላሉ፤ ስለዚህ ከግንብ ተነሥቶ ስለ መንግሥት መናገር አይገባም የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ይሆን የነበረው ሕንፃው ብቻውን ቢቆም ነበር። ነገር ግን ከሕንፃው ጋር የሚስማማ የጽሑፍ ምስክር አለን።

የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸውና በድንጋይ ጽሕፈታቸው ላይ ብእሴ የሚል መጠሪያ ከአንድ ሌላ ስም ጋር አያይዘው ይጽፉ ነበር። ዒዛና ብእሴ ሐሌን፣ ካሌብ ብእሴ ላዜን ተብለዋል። ከካሌብ ወደ 700 ዓመት ያህል በኋላ የነገሠው ላሊበላ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት መሬት በሰጠበት ጽሑፍ፣ የመንግሥት ስሙን ገብረ መስቀል ካለ በኋላ ራሱን ብእሴ አዛል ብሎ ይጠራል። ከላሊበላ ዘመን ዓመታቸው የሚታወቁ ሰነዶች አንዱ በ1204፣ ሌላው በ1225 የተጻፉ ናቸው። ከዛጔ ዘመን የመሬት ስጦታዎች ብዙዎቹን ያቈየልን በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ሲሆን፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አትመው ለሊቃውንት አቅርበውታል። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ጠንጠውድምም በሰሜን ትግራይ ለምትገኝ ቤተ ክርስቲያን በሰጠው ስጦታ እንዲሁ ከስሙ ጋር የመንግሥት ስም ይዞ ይታያል።

እነዚህ ነገሥታት ከአገው ሕዝብ የወጡ ነበሩ። የጻፉት ግን በግዕዝ ነው፤ መሬት የሰጡት ከላስታ እስከ ሽመዛና ድረስ ነው፤ ማዕረጋቸውንም ከጥንቱ የአክሱም ልማድ ወስደዋል። ስለዚህ መንግሥቱን ያወረሰው የዘር ሐረግ ሳይሆን ሥርዓት ነው። በ14ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ክብረ ነገሥት መልኩን በያዘ ጊዜ የዛጔ ነገሥታት ዙፋን የነጠቁ ተደርገው መታየት ጀመሩ፤ በ1270 ይኵኖ አምላክ ሲነግሥም የጥንቱ መንግሥት እንደ ተመለሰ ተነገረ። ነገር ግን አንድ ነገር እንዲመለስ አስቀድሞ የተቋረጠ መሆን አለበት። ወራጁም፣ ማዕረጉም፣ የመሬት ስጦታውም ሥርዓት እንደሚያስረዱት በላስታ የተቋረጠ ነገር ቢኖር ዘሩ እንጂ መንግሥቱ አልነበረም።

ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የተደረገ አይደለም። በመጀመሪያ ያነሣናት የሳርጎን ዋና ከተማ አጋዴ የት እንደ ነበረች እስከ ዛሬ አልተለየም፤ የተመራማሪ አካፋ ገና አላገኛትም። መንግሥቷ ከወደቀ በኋላ ግን ዑርን የገዛው ኡር ናሙ በ2100 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሱመርና የአካድ ንጉሥ የሚል ስም ያዘ። ከዚያም 1,500 ዓመት ያህል አልፎ ባቢሎንን በ539 የያዘው ፋርሳዊው ቂሮስ፣ ሱመራዊም አካዳዊም ሳይሆን፣ ይህንኑ ስም በጽሕፈቱ ላይ አስገባ። ከተማይቱ ከምድር ጠፍታ ሳለች ማዕረጓ ከወገን ወደ ወገን፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሻገረ ኖረ። ብእሴ የሚለው ቃል ከአክሱም ወደ ላስታ መሻገሩ ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ልዩነቱ በኛ ዘንድ ከማዕረጉ ጋር የእጅ ሥራውም አብሮ መሻገሩ ነው። የዛጔ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አደፋ እንደ አክሱም ያለ ታላቅ ከተማ አልነበረችም፤ ከነርሱም በኋላ የነገሡት ነገሥታት ፋሲለደስ በ1636 ጐንደርን እስኪመሠርት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ገዙ። ድንኳን ይነቀላል፤ ደብር ግን አይነቀልም። ስለዚህ በከተማ ምትክ የመንግሥቱን መዝገብ፣ የመሬቱን ስጦታ፣ የንጉሡን መቃብርና የሕንፃውን ሙያ የያዘው ደብሩ ሆነ። በሱመር ቤተ መቅደስ ከተማውን እንደ ወለደ ሁሉ፣ በላስታ ቤተ ክርስቲያን ከተማው የተወውን ሥራ ተረከበ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው የሚያደርሰን ወደ አንድ የአሠራር ምክር ነው። የጥንቱን መንግሥት ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ከተማ ያልተገኘበትን ዘመን ባዶ ብሎ ከማለፉ በፊት፣ መንግሥቱ በሌላ ማኅደር ተቀምጦ እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል። ለአገራችን ያ ማኅደር በብዙ በኩል የወንጌል ዳር ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታ፣ የነገሥታት መጠሪያና የግንብ ወራጅ ነው።

ከዚህም የሚከተል አንድ ኀላፊነት አለ። በወንጌል ላይ ያለ ጽሑፍ ቢፋቅ ታሪክ እንደ ተሰረዘ ሁላችንም እናውቃለን። በይምርሐነ ክርስቶስ ግንብ ውስጥ ያለ ወራጅ አርጅቶ ሲለወጥ፣ የት እንደ ነበረ፣ ጫፉ እንዴት እንደ ተገጠመ ሳይመዘገብ ከወጣ ግን እድሳት ተደረገ እንላለን እንጂ ታሪክ ተሰረዘ አንልም። ጕዳቱ አንድ ነው። ያ ወራጅ ከየሐ ጀምሮ እጅ ለእጅ የመጣ ዕውቀት ያረፈበት ነው። ካህናቱ ዋሻውንና ሕንፃውን ለ800 ዓመት ያህል ጠብቀው አድርሰውልናል፤ የሚቀረው ሥራ፣ ይኸውም እያንዳንዱን እንጨት እንደ አንድ መስመር ጽሑፍ አንብቦ መመዝገብ፣ የሊቃውንቱና የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።